ሐውልቱ ይቆይ፣ መዝገቡ ይቅደም

ደብዳቤው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከፎገራ ሜዳ ነው። ሰፈራችን ከጥንት ከብት አርቢ ነው፤ አሁን ሩዙ ቢበዛም ስማችን የሚነሣው በላሞቻችን ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከመካከላችን ያለፉትን የሚያስታውስ ነገር እንዲሠራ የሰባት ሰው ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። እስካሁን 64 ስም ቆጥረናል። ግማሹ ሐውልት ይቁም ይላል፣ ግማሹ መጽሐፍ ይታተም። አሜሪካ ያሉት ልጆቻችን ገንዘቡን እንልካለን፣ ግን ፎቶ ያለበት ሐውልት ይሁን ብለዋል። ያለፈው ስብሰባ የፈረሰው ደግሞ የአንድ ቅጥር እረኛ ስም ከባለመንጋዎቹ እኩል ይጻፍ አይጻፍ በሚል ነው። ስለ ብዙዎቹ ሟቾች ስንጠይቅ ‹ደግ ሰው ነበሩ› ከማለት ሌላ የሚነግረን አጣን፤ ያረፉበትን ዓመት እንኳ የሚያውቅ የለም። ከየት ልጀምር? ወ.፣ ከወረታ አጠገብ»

እህታችን ወ.፣

ሐውልቱና መጽሐፉ የተጣሉት ገንዘቡ ስለቀደመ ነው። ገንዘብ ሲመጣ ሰው የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ የሚታየው ነገር ላይ የሚጻፈው ግን ገና አልተሰበሰበም። ስለዚህ ለኮሚቴዎ የምናቀርበው አንድ ሐሳብ ነው፦ የ64ቱም ሰዎች መዝገብ እስኪሞላ ድረስ አንድ ብር አይውጣ። ለመዝገቡ የሚያስፈልገው ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ 200 ገጽ መዝገብ፣ ተራ እስክሪብቶ (ጄል የሚባለው ውሃ ሲነካው ይፈሳል) እና የእርስዎ ስልክ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ይስጡ። የግራው ገጽ ለማይለዋወጠው ነው፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቅጽል ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ያረፉበት ቀን፣ የተቀበሩበት ቦታ፣ በሕይወት ያሉ ልጆች። የቀኙ ገጽ ሰው ለነገረዎት ነው፤ ከያንዳንዱ አባባል አጠገብ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደሆነ ይጻፉ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሩዎ ሁለቱንም ይያዙ እንጂ በመካከል አይዳኙ። ለያንዳንዱ ሟች ከ1 እስከ 64 ቁጥር ይስጡና ያ ቁጥር ከእንግዲህ አይለወጥ። ፎቶውም፣ ድምፁም፣ የሐውልቱ ረቂቅም በዚያው ቁጥር ይጠራል። በሰፈሩ ሦስት ሰው በአንድ ስም ቢጠራ ከመደናገር የሚያድንዎት ይህ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ «ደግ ሰው ነበሩ» እንምጣ። ሰው እንዲህ የሚመልሰው ጥያቄው ሰፊ ሲሆን ነው። «ስለ እገሌ ንገሩኝ» ሲሉት የለቅሶ ቤት ቃል ያወጣል። ከብት አርቢን የሚያናግረው ከብቱ ነውና ስለ ከብቱ ይጠይቁ። የመንጋቸው መሪ ላም ማን ትባል ነበር? መልኳስ፣ ጉሬዛ ናት ቦቃ? የማን ቤት ላም ልጅ ናት፣ በጥሎሽ መጣች ወይስ በግዢ? ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብቱን ወደ የትኛው ከፍታ ያወጡት ነበር፣ ከማን ጋር ያዳብሉ ነበር? ውሃው ሸሽቶ ወደ ሜዳው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሰማሩት የት ነው? ኮርማቸውን ለጎረቤት ይለቁ ነበር ወይስ ይሰስቱ ነበር? ይህችን የመጨረሻዋን በፈገግታ ይጠይቋት፤ ሰውየውን ከነጠባዩ የምታወጣ እርሷ ናት። የከብቱ ስም ከተነሣ የባለቤቱ አረማመድ፣ አጠራሩ፣ ፉጨቱ ሳይቀር ተከትሎ ይመጣል።

ማንን እንደሚጠይቁም ይምረጡ። ወንድ ልጆቹ የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ ስንት እንደተሸጠና ለማን እንደተረፈ ነው። ላሞቹን በስም፣ በጠባይ፣ በእናት በአያታቸው የሚያውቃቸው በልጅነቱ ያገደው ሰው ነው፤ ዛሬ አምሳ ዓመት ሊሞላው ይችላል፣ ግን በረቱን አንድ በአንድ ይቆጥርልዎታል። የወተቱን ነገር የምታውቀው ደግሞ ስታልብ የኖረችው ሴት ናት። ስለዚህ ለአንድ ሟች ቢያንስ ሦስት ሰው፦ አንድ የቤተሰብ አባል፣ አንድ ያገደ፣ አንዲት ያለበች።

ይህ የእረኛውን ጉዳይ ያነሣል። እኛ ይጻፍ ባዮች ነን፣ ያውም እኩል። ጭቅጭቁን የሚያበርደው መስፈርቱን አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «በዚህ ሰፈር መንጋ ያረባ፣ ያገደ፣ ያለበ ወይም ያከመ፣ በሕይወት የሌለ።» ይህ ቃል በቃለ ጉባኤ ከጸደቀ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ስም ዳግም ክርክር አይነሣም። የስሞቹ ቅደም ተከተልም በዕረፍት ዓመት ይሁን። በማዕረግ ከሆነ ጠብ ነው፤ በፊደል ተራ ከሆነ ደግሞ ወደፊት ስም ሲጨመር ሁሉም ይናጋል። በዓመት ከሆነ አዲሱ ሁልጊዜ ከሥር ይገባል፣ ባለ ብዙ መንጋውና እረኛው ጎን ለጎን ቢያርፉም የወሰነው ሞት ነው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ቅጥር እረኛው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ዘመዶቹን ለማግኘት ያስቀጠረውን ወይም ዋስ የሆነለትን ሰው ይፈልጉ፤ ዋስ የሌለው እረኛ ብዙ አይገጥምዎትም።

64ቱን ስም እንደገና ይዩልን። ስንቶቹ ሴቶች ናቸው? እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች መጀመሪያ ሲወጡ ወንዶቹ በስማቸው፣ ሴቶቹ «ከነባለቤታቸው» ተብለው ይታለፋሉ። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፤ ስሙ የሚገለበጠው ከእድር መዝገብ ነውና እዚያ ላይ አባል ሆኖ የተጻፈው አባወራው ነው። ስለዚህ የእድሩን መዝገብ ሲያገላብጡ የአባላቱን ገጽ ብቻ አይዩ፤ ለቀብር ወጪ የተደረገበትን ገጽ ይዩ። እዚያ «ለእገሌ ሚስት ቀብር» ተብሎ ቀኑ ጭምር ተጽፎ ይገኛል፤ ስሟን ከቤተሰቧ ያሟሉ። ለሴቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ጥያቄ ያዘጋጁ። ቅሉን በምን ያጥኑት ነበር፣ በወይራ ነው በሌላ? የምትራገጥ ላም እንዴት ያባብሉ ነበር? ጥጃ የሞተባትን ላም ወተት እንድትሰጥ ምን ያደርጉ ነበር? አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢገኝ፣ «ቅሏ በወይራ ታጥኖ ደጃፉ ሲደርሱ ይሸት ነበር» የሚል ቃል ከአሥር «ርኅሩኅ እናት» ይበልጣል።

ዓመቱ የጠፋበትን ሰው በተመለከተ ተስፋ አይቁረጡ፤ ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው። የሲቪል ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላረፉት ቤተሰቡ አስመዝግቦ ከሆነ ቀኑ ከቀበሌ ይገኛል። ከዚያ በፊት ላረፉት የሰውን ትዝታ በሦስት ወንፊት ያሳልፉት። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ክስተት ነው፦ በክልሉ የ1989 የመሬት ሽግሽግ፣ የ1997 ምርጫ። «ከሽግሽጉ በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ የሚሳሳት ገበሬ የለም፤ የማን መሬት እንደተቆረሰ ያስታውሳልና። ሁለተኛው ዘመነ ወንጌላዊ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ሦስተኛው የበዓል ቀን ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት «ከሽግሽጉ በኋላ በመጀመሪያው ማርቆስ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀበርነው» ቢሉ፣ 1989 ማቴዎስ ስለሆነ ማርቆስ 1990 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል 12 ነው፤ ስለዚህ የቀብሩ ቀን ኅዳር 13 ቀን 1990 ዓ.ም ነው። «ዓመቱን አላውቅም» ብለው የጀመሩት እናት ቀኑን ሳይቀር ሰጡዎ ማለት ነው። የሙስሊም ቤተሰቦች ከረመዷን፣ ከዒድ ወይም ከመውሊድ አስጠግተው ይነግሩዎታል፤ እነዚህ በዓላት በየዓመቱ እየቀደሙ ስለሚመጡ ዓመቱ ከሌላው ምልክት ከታወቀ በኋላ ወሩን ለማውጣት የዚያን ዓመት የሒጅራ አቆጣጠር ማየት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያሉት ልጆች በሚልኩት ቀን ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ወሩን በእኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ይጽፋሉ። «ጥር 2004» ብለው የላኩት ጥር 1996 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠይቁ መዝገቡ ላይ አያስፍሩ።

ስለ ክርስትና ስም አንድ ነገር። ለፍትሐትና ለሙት ዓመት ጸሎት ካህናቱ የሚፈልጉት የክርስትና ስሙን ነው፤ ግን አንዳንድ ቤተሰብ ያንን በአደባባይ ማየት አይወድም። በመዝገቡ ግራ ገጽ ይያዙት፣ ለቤተ ክርስቲያን በተለየ ወረቀት ይስጡት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ቤተሰቡ ካልፈቀደ አያትሙት። የሞት ምክንያትም እንዲሁ። ኮርማ የወጋው፣ በሙላት የተወሰደ፣ የታመመ ከብት ሥጋ በልቶ በአባ ሰንጋ የሞተ አለ፤ አገር ሁሉ ቢያውቀውም በወረቀት ሲሰፍር ለቤተሰቡ ሌላ ነገር ነው።

የመንጋ ቁጥር አይጻፉ። ከብት አርቢ ከብቱ ሲቆጠርበት ደስ አይለውም፤ እርስዎ ከኛ በላይ ያውቁታል። በዚያ ላይ ልጆቹ ይፎካከሩበታል፣ የአንዱ 40 የሌላው 60 ይሆናል፣ ሁለቱም አይረጋገጥም። «በረቱ ጠብቧቸው ሁለተኛ በረት ያሳጠሩ» ይበቃል።

የጆሮ ብጥና የተኩስ ምልክት (ባለቤቱ ከብቱን ለመለየት ጆሮውን የሚቆርጠው ወይም በጋለ ብረት የሚተኩሰው) ግን የግድ ይሳሉ። ይህን ነገር ከሰፈሩ ውጭ የሚያውቀው ስለሌለ፣ የመጨረሻው አዋቂ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ሲስሉ የላሟን ፊት ከፊት ለፊት እንደሚያዩት አድርገው ሁለት ጆሮ በመስመር ይሥሩ፤ የቀኝ ጆሮ የላሟ ቀኝ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ብዙ ሥዕል የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ቁርጡ ከጫፍ ነው፣ ከሥር ነው፣ ከላይ ጠርዝ ነው፣ ስንት ነው የሚለውን ለይተው ያመልክቱ። ተኩስ ከሆነ ቅርጹንና ያረፈበትን ቦታ (ታፋ፣ ትከሻ፣ ጉንጭ) ይጻፉ። ሲታተም ግን ወራሾቹ ዛሬም የሚጠቀሙበትን ምልክት ያለ ፈቃዳቸው አያውጡ። የተሰረቀ ከብት በገበያ የሚለየው በዚያ ስለሆነ፣ ምልክቱን በመጽሐፍ በትኖ ለሌባ ማስተማር አይገባም። ባለቤት የሌለው ምልክት ቢታተም ጉዳት የለውም።

ሙሾና የእረኛ ዘፈንም አለ። አልቃሿን በለቅሶው ቀን በስልክ መቅዳት ነውር ነው፣ ድምፁም አይጠራም። ሐዘኑ ከበረደ በኋላ፣ ለምሳሌ ከአርባው ወዲያ፣ ቤታቸው ሄደው ያናግሯቸው፤ በግጥሙ ውስጥ ስሙ የተነሣውን ቤተሰብም ያስፈቅዱ። ስልኩን ከተናጋሪዋ አፍ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ጠረጴዛ ወይም መከዳ ላይ ያስቀምጡት፤ በእጅ ከያዙት የጣት ኮሽታ ይገባል። ውጭ ከሆነ የስልኩን ማይክ በስስ ካልሲ ይሸፍኑት፣ ንፋሱን ይገድባል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪዋን ስም በድምፅ ይበሉ፤ የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል። ስልክዎ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ የጥሪ ድምፅ ብዙ ቅጂ ያበላሻል።

ፎቶ። ለብዙዎቹ የሚገኘው የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ይሆናል፣ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር። ይህን ወረታ ወይም ባሕር ዳር ስካን ሲያስደርጉ በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ (ዲፒአይ) ይበሉ። በ600 ከተነሣ በጥራት የሚታተመው እስከ 6 በ8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ1200 ከሆነ ግን 12 በ16 ይደርሳል፣ ያ ለአንድ የመጽሐፍ ገጽ በቂ ነው። መታወቂያው ላይ ማኅተም ካረፈበት ማኅተሙን በኮምፒውተር ለማጥፋት አይሞክሩ፤ ፊቱን ይለውጡታል። በመስታወት ፍሬም የኖረና ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅ፣ ቆዳው ተገሽልጦ ይቀራል። እንዳለ ከነመስታወቱ በበር ጥላ ሥር አድርገው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ፍላሽ ሳያበሩ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው ያንሡት፤ ከኋላዎ ጥቁር ነጠላ ቢዘረጉ ነጸብራቁ ይጠፋል። ከውጭ የሚላከው ፎቶ በቴሌግራም በ«ፋይል» መልክ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ያሳንሰዋል። ፎቶ ለሌለው ሰው የጆሮ ምልክቱ በፎቶው ቦታ ይግባ። ለእኛ እንዲያውም ከጉርድ ፎቶ ይልቅ ያ ያምራል።

ይህ ሁሉ ሲሞላ መጽሐፉ ራሱ ይወጣል። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ቢሰጡ 64፣ ከመግቢያና ከባዶ ገጾች ጋር 72 ገጽ፤ በኤ5 መጠን በሽቦ ሊሰፋ የሚችል ነው (በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፣ 72 ይካፈላል)። የውስጡ ወረቀት 80 ግራም፣ ሽፋኑ 250 ግራም ይበቃል። ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር። ጽሑፉ በዩኒኮድ ፊደል ይተየብ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደሎች የተተየበ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። የሚያስረክቡትም ፒዲኤፍ ይሁን። የስሞቹን ፊደል ደግሞ ከቤተሰቡ ይውሰዱ፦ ኃይሉ ነው ሀይሉ፣ ዓለሙ ነው አለሙ፣ ፀሐይ ነው ጸሐይ። ለአንባቢ ልዩነት ባይኖረውም ለልጁ አለው። ረቂቁን በየቤቱ ይዘው ሄደው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ ማንበብ የማይችሉት አዛውንት የሚያርሙት ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን ሐውልቱ። አሜሪካ ላሉት ልጆች እንዲህ ይበሏቸው፦ ፎቶው በመጽሐፉ፣ ስሙ በድንጋዩ። በተለጣፊ ፕላስቲክ የታተመ ፎቶ በፎገራ ፀሐይ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይነጣል፤ በእሳት የተተኮሰ የሸክላ ፎቶ ይቆያል፣ ነገር ግን 64 ማሠራት ውድ ነው፣ ፎቶ የሌላቸውም ከሌሎቹ ያነሱ መስለው ይታያሉ። ሙስሊም ቤተሰቦችም በመታሰቢያ ላይ ምስል ላይወዱ ይችላሉ። በዚሁ ምክንያት ቦታውን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አያድርጉት፤ ሰበካ ጉባኤው ቢፈቅድ እንኳ ግማሹ ሰፈር የራሱ አያደርገውም። ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ወይም የእድሩ ግቢ ይሻላል።

ከብት በሚያልፍበት ቦታ የቆመ ድንጋይ ግን መታከኪያ ነው። አንድ ሰንጋ አንገቱን ሲታከክበት በቀጭን መሠረት የቆመን ሰሌዳ ገፍቶ ይጥለዋል፤ ጥግ ጥጉን ደግሞ እየላሰ ቀለሙን ያነሣዋል። ወይ በአጥር ይከልሉት፣ ወይ ሰሌዳውን እንደ ትሪ በዝቅተኛ ግንብ ላይ ያጋድሙት። ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ አንባቢው ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ ከብቱም አይታከክበትም።

መሠረቱን ችላ አትበሉ፣ በዚያ ሜዳ ሐውልት የሚያጋድለው መሠረቱ ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የተተከለበትን ሁሉ ያነሣዋል ይጥለዋል። ጉድጓዱ ከሰሌዳው በየጎኑ ግማሽ ሜትር የሰፋ፣ እስከ 1 ሜትር ከ50 የጠለቀ ይሁን፤ ጥቁሩ አፈር ሙሉ በሙሉ ይውጣ። በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እየተጨመረ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ ይሙላ። አንዴ በሙሉ ጨምረው ከላይ ብቻ ከጠቀጠቁት ከሥሩ ይሰምጣል። ከላይ ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይደረግ፤ ዓላማው የዝናቡ ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይወርድ ነው። የወጣውን ጥቁር አፈር ለመመለስ የሚጓጓ ግንበኛ ይኖራል፤ ነፃ ስለሆነ። አይፍቀዱለት።

ጽሑፉ ተፈልፍሎ ይጻፍ፣ ቀለም ብቻ አይቀባ። የፊደሉ ቁመት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የአማርኛ ፊደል ቀለበትና እግር ይዋዋጣል፤ ጸ እና ጾ፣ ዘ እና ዞ አይለዩም። ለጠራቢው ስሙን በትንሽ ወረቀት አይስጡት። በልኩ፣ አንድ ለአንድ ተሰፍቶ የታተመ ወረቀት ይስጡትና በድንጋዩ ላይ ለጥፎ ይፈልፍለው፤ ከመጀመሩ በፊት ሁለት የኮሚቴ አባላት ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩት። ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ስም ሰሌዳውን ከመቀየር በቀር መድኃኒት የለውም። ለሚቀጥሉት ሃያ ያህል ስሞችም ባዶ ቦታ ይተዉ። ሰው ባዶውን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል፣ ግን ካልተዉት የሚቀጥለው ሟች ልጅ ሌላ ሐውልት ይጠይቃል።

ገንዘቡ ቢተርፍ ከሁለተኛ ሐውልት ይልቅ ገንዳ ይሥሩበት። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 35 ቢሆን 525 ሊትር ይይዛል፤ በሁለቱ ጎን ስምንት ከብት ተሰልፎ ይጠጣበታል። አፉ ከመሬት ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ፣ አለዚያ ጥጃው አይደርስም።

ጊዜውን እንዲህ ያዙት። ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ሰው ፋታ ሲያገኝ መዝገቡን ይሙሉ። መሠረቱን በዚያው በጋ፣ አፈሩ ተሰንጥቆ ልኩን ሲያሳይ ያስቆፍሩና ይሙሉት፤ ሰሌዳውን ግን አይጫኑበት። አንድ ክረምት ይለፍበት፣ የሚሰምጥ ከሆነ ይስመጥ፣ ከመስቀል በኋላ ደረጃውን አስተካክለው በኅዳር ይጫኑት። መጽሐፉ ከዚያ በፊት ሊወጣ ይችላል። የመታሰቢያው ቀን ከማንም ሟች ሙት ዓመት ጋር ባይገጥም ይሻላል፤ ያ ቤተሰብ ድግሱን የራሱ አድርጎ ይከስርበታል።

እስከዚያ ድረስ ግን በዚህ ሳምንት የሚሠራ አንድ ነገር አለ። በሰፈሩ የጆሮ ምልክቶቹን የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይኖራሉ። ማን ማን እንደሆኑ እርስዎ ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ስብሰባውን አይጠብቁ፤ ስልክዎን ሞልተው፣ መዝገቡን ይዘው፣ ከብቱ ወደ በረት ከመግባቱ በፊት ወደ ማታ ይሂዱ። ላሞቹ በፊታቸው ሲያልፉ «ይቺ የማን ዘር ናት?» ብለው ይጀምሩ።